የዳልቻ ካሳ

የልጅ ልጄ እንግሊዝኛዋን ስታጠና «አባባ፣ ኮምፔንሴሽን ምንድን ነው?» አለችኝ። «ካሳ» አልኳት። «እሺ፣ በዓረፍተ ነገር አስገባልኝ» ብትለኝ ግን ዓይኔ ወደ መስኮቱ ሄደ። ውጭ የሰኔ ዝናብ አቧራውን መምታት ጀምሮ ነበር። ሽታው ይዞኝ ሄዶ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ከነበረው ማሳችን አደረሰኝ።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባቴ በዚያው በጋ ሞቶ እርፉ በእኔ፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጅ ወድቋል። ገብስ የሚዘራበት ጊዜ ሲደርስ የጎረቤታችን የአያ ተገኘ በሬ፣ ዳልቻ፣ ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱን ወግቶ ገደለብን። በአንድ በሬ አይታረስ ነገር! ማሳው ጦም ካደረ እኔ ጎንደር ወርጄ ሰው ቤት መቀጠሬ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ገዳዩ በሬ ለካሳ ይሰጠን ብለው ፈረዱ። አያ ተገኘም በሬውን አምጥቶ ከደጃችን አሰረና ሄደ።

ዳልቻ ካሳ መሆኑን ማን ይንገረው! በጠመድኩት ቁጥር ትልሙ መሐል ዘርፈጥ ይላል። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች! ሰማዩ ደግሞ እየጠቆረ ነው። አንድ ማለዳ እልህ አንቆኝ ከበሬው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አያ ተገኘ ከአጥሩ ማዶ ሲያየኝ ኖሯል፤ ተሻግሮ መጣ።

«ምነው ልጄ?»

«አልነሣ አለኝ፣ አያ ተገኘ።»

«የኔን ድምፅ ነው የለመደ» ብሎ እርፉን ተቀበለኝ። «ተነሥ ዳልቻ፣ ተነሥ የኔ ሸጋ!»

በሬው ተነሣ። ቅናት ይሁን ደስታ የተሰማኝ እንጃ፣ እንባዬን ጠርጌ ከኋላቸው ተከተልኩ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እየመጣ አረሰልን፤ የእኛ ሲያበቃም በነዚያው በሬዎች የእሱን አረስን። እናቴ በሶ በጥብጣ ታመጣለች። ማሳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ስንጠጣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ይወጣና በሬዎቹንም እኛንም ይውጠናል። ዓለም ማለት ያ ነጭ ዝምታና የበሬዎቹ ማመንዠክ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዘሩ ሲያበቃ እናቴ «አያ ተገኘ፣ በሬህን ውሰድ» አለችው።

«ተፈርዶብኝ የለም እንዴ?»

«ካሳዬንማ ወሰድኩ።»

ነድቶት ሲሄድ እናቴን ተቀየምኳት፤ ለከርሞ በምን ልናርስ ነው? ከርሞ ግን ሳንጠራው ዳልቻን እየነዳ መጥቶ ከደጃችን ቆመ። «ተነሣ እንጂ፣ ያንተን ፍታው!» አለኝ። አያ ተገኘ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ እንዲሁ ነበር።

ልጅቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጠይቀኝ ይህን ሁሉ አወራሁባት። የሞተብንን በሬ መልኩን እንኳ ዘንግቼዋለሁ። አባቴን የሚመልስልኝ ፍርድም አልነበረም። ግን ገና ጎህ ሲቀድ አያ ተገኘ ከደጃችን ቆሞ ሲያስል በሰማሁ ቁጥር፣ የሙት ልጅ መሆኔን እረሳው ነበር።