ቡችላው ከደፍ አልወጣ ያለበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ አንድ ጎረምሳ ቡችላውን በገመድ እየጎተተ ከግቢ ሊያስወጣ ሲታገል አየሁ። «ተወው ልጄ፣ አትጎትተው!» አልኩት። ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቤት ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት እናቴ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት የአልጋ ቁራኛ ሆነች። ቤታችን ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ፣ ተጂ ከተማ ሆኖ እህል ስለሚነግድ ማስታመሙ በእኔ ላይ ወደቀ። ጓደኞቼ ተራ በተራ ለትምህርት ሲሄዱ እኔ አጥሚት ሳሞቅ፣ አንሶላ ሳጥብ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሳዳምጥ እውላለሁ። ገበያ እንኳ ጎረቤት ነበር የሚሄድልኝ። ከበር ወጣ ካልኩ እናቴ ስሜን ትጠራለች።

ታደሰ ግቢ እንዲጠብቅ ብሎ ቡችላ አመጣ፤ ቦቢ አልነው። መጀመሪያ ደህና ነበር። አንድ ቀን ደጅ ወጣ እንዳለ የጭነት መኪና አጠገቡ ጥሩንባውን አንባረቀበት። ከዚያ ወዲህ ኑሮው አልጋ ሥር ሆነ። ክዳን ሲወድቅ ይሸናል፤ በር ሲከፈት ይንቀጠቀጣል።

«ፈሪ ውሻ ምን ይሠራልናል? ለመስቀል ስመጣ እንዲሁ ካገኘሁት ወስጄ እጥለዋለሁ» አለ ታደሰ።

ደንግጬ በገመድ ወደ ደጅ እጎትተው ጀመር። ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ በአጥሩ በኩል አዩኝ።

«ሱታ፣ ሱታ!» አሉኝ በኦሮምኛ። «ቀስ በይ እንጂ። ይሄ የሚፈራበት ዕድሜው ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ኦቦ?»

«እኔ ምን አውቄ! አብረሽው ተቀመጪ።»

እናቴ ከቀትር በኋላ ስታሸልብ ዳቦ ይዤ ደፉ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ቦቢ መጀመሪያ አፍንጫውን ብቻ አወጣ። ውሎ አድሮ ቀሚሴ ጫፍ ላይ ተኛ። ጭቃው ጠፈፍ ሲል አስፋልቱ ድረስ ተከተለኝ። መኪና ሲያልፍ ቅልጥሜ ላይ ተለጥፎ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልሸሸም። አንድ ሚኒባስ ቆመ።

«ፉሪ! ዓለም ገና! እህት፣ ትገቢያለሽ?» አለ ረዳቱ።

እኔም ፈራሁ። ዞሬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ለመስቀል ታደሰ ሲመጣ ቦቢ በር ላይ ጮኸበት፤ ታደሰም ስቆ ተወው። በዓመቱ፣ ሊጎረምስ ሲል፣ ደግሞ ጃንጥላ መፍራት ጀመረ። እንደገና አብሬው ተቀመጥኩ። በዚያው ሰሞን ነው ደፍሬ፣ «እማዬ፣ ልማር» ያልኳት።

«ልይዝሽ ብዬ አይደለም» አለች። «ብቻዬን ስሆን እፈራለሁ።»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። የኦቦ ደበላ ሚስት አጠገቧ እየተቀመጡላት መጀመሪያ ሱቅ ድረስ፣ ቀጥሎ ገበያ ደርሼ መመለስ ጀመርኩ። እያለ እያለ፣ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ የኮሌጅ ትምህርት ጀመርኩ።

እናቴ ካረፈች ቆየች፤ እኔም ዕድሜዋን አልፌዋለሁ። ልጄ ሱሉልታ ነው የምትኖረው። እሑድ እሑድ ጠይቃኝ ልትሄድ ስትነሳ «ትንሽ ቆዪ» የሚል ቃል አፌ ላይ ይመጣል። እሱን ውጬ፣ ቀድሜያት ሄጄ በሩን እከፍትላታለሁ።