ግመሉና የመሃሏ ቫልቭ

ቧንቧ ሠራተኛውን ጠላቂ ጓደኞቹ «ግመሉ» ይሉታል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ከውሃ በወጣ ቁጥር ከወገቡ የተንጠለጠለችውን የአየር መለኪያ ላገኘው ሁሉ እያሳየ፣ «እዩዋት እስቲ! ግመል ውሃ ሳይጠጣ በረሃ ያቋርጣል፣ እኔ ደግሞ አየር ሳልጠጣ ውሃ አቋርጣለሁ!» ሲል ማን ዝም ይለዋል? ግመሉ አሉት፤ እሱም ስሙን ወደደው።

ግመሉና ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቱ ውሃ በሞላው ዋሻ ውስጥ የመጥለቅ ሥልጠና ለመግባት ቆርጠው ተነስተዋል። ዋሻ እንደ ሐይቅ አይደለም፤ ከላይ ጣሪያ አለው፣ ተጨነቅሁ ብሎ ሽቅብ መውጣት የለም። ስለዚህ «ቀስ» ከማለት የማይቦዝኑት አሰልጣኝ፣ አባ ቀስ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ጥንድ ሆኖ ያልመጣ ሰው አይቀበሉም። በጀርባው ሁለት ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅን ያልለመደንም እንዲሁ። «መንታውን እንደ ገዛ ጀርባችሁ ሳትለምዱት ዋሻ የሚባል ነገር እንዳታነሱብኝ» አሏቸው።

ወንድምና እህት በየዕረፍት ቀናቸው ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት ወደነበረው፣ አሁን ውሃ ወደሞላው ጉድጓድ መመላለስ ጀመሩ። መንታው ማለት ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ሲሊንደሮች ናቸው፤ አናታቸው ላይ አጭር ቧንቧ ያገናኛቸዋል፣ ቧንቧው መሃል ላይ አንዲት ቫልቭ አለች። እሷ ስትከፈት ሁለቱ አንድ ቤት ናቸው። ስትዘጋ ግን አጥር የለያቸው ጎረቤት ይሆናሉ፤ አፍ የሚስበው ከቀኙ፣ መለኪያዋ የምታነበው የግራውን።

ግመሉ ደግሞ ምን ልማድ አለው መሰላችሁ? ቧንቧ ሠራተኛ ዕቃውን ሰብስቦ ከመውጣቱ በፊት ይዘጋል። ሲሊንደሩ አየር ተሞልቶ መኪና ላይ ሊጫን ሲል፣ የሰውየው እጅ ሳይታዘዝ ሄዶ የመሃሏን ጥርቅም ያደርጋታል። እጁ ይዘጋል፣ ልቡ ግን እዚያ የለም። ሲሊንደራቸውን የሚሞላላቸው አየር ሞይ አንድ ጊዜ «መሃሏን ማን ነው የሚዘጋት?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «እኔ ነኝ፣ ለጥንቃቄ» አለውና አለፈ። ውሃው ዳር ሲደርስ ግን ሁሉን ነገር ይረሳል፤ ጉራው የት ፋታ ሰጥቶት!

መለኪያዋ የማትወርድለት በዚህ ምክንያት ነበር። ትንሽ ዝቅ የምትለውም በአየር የሚነፋው የመጥለቂያ ልብሱ የሚሞላው ከግራው ሲሊንደር ስለሆነ ነው። እሱ ግን በሳንባው ተመካ። ደግሞ እኮ ይኼው ሰው «ውሃ ጠፋብን» ብለው ሲጠሩት፣ ዋናው ቫልቭ ተዘግቶ ካገኘ፣ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ደንበኛውን መሳቂያ የሚያደርግ ሰው ነው!

እህቱ እንደ ማንኛውም ሰው ትተነፍሳለች፣ መለኪያዋም እንደ ማንኛውም ሰው መለኪያ ትወርዳለች። «አንቺ ልጅ፣ አየሩን ትተነፍሺዋለሽ ወይስ ትሰፊዋለሽ?» ይላታል በሰው ፊት። መጀመሪያ አብራ ትስቅ ነበር፤ በኋላ ሳቁን ተወችው። በጀማሪነቱ ውሃ ፈርቶ የመዋኛ ገንዳ ጠርዝ ላይ ሲንቀጠቀጥ እጁን ይዛ መጥለቅ ያስለመደችው እሷ መሆኗን ረስቶታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ?

ይባስ ብሎ አንድ ቀን ለብቻው አባ ቀስ ዘንድ ሄደ። «እህቴ አየር ቶሎ ትጨርሳለች። ዋሻ ውስጥ ለሁለታችንም አደጋ ናት፤ ሌላ ጥንድ ይፈልጉልኝ» አላቸው።

«ነግረሃታል?»

«እነግራታለሁ።»

አልነገራትም። በየሳምንቱ እየቀለደ አብሯት ወረደ እንጂ።

አባ ቀስ ለሥልጠናው መድረሳቸውን ሊያዩ ጉድጓዱ ድረስ የመጡ ዕለት፣ እህቱ ውሃው ዳር ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ዞር በል እስቲ፣ የመሃሏን ልይልህ» አለችው።

«አንቺ የራስሽን ያዢ!» አላት፣ ሽማግሌው እንዲሰሙለት ጮክ ብሎ።

ወረዱ። ያን ቀን ከወትሮው ጠልቀው፣ ከወትሮው ቆዩ። ድንገት ትንፋሹ ከበደው። ሳበ፤ እንቢ አለው። መለኪያዋን አየ፦ ሙሉ ልትሆን ምንም አልቀራት። ደግሞ አያት፤ ያው ናት። እዚያው አገጩ ሥር ከግራው ሲሊንደር የሚስብ ሁለተኛ መተንፈሻ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ለዚህ ቀን ብለው ስንት ጊዜ ተለማምደውታል። ከድንጋጤው ብዛት ትዝ አላለውም። ዓይኑን አፍጥጦ ወደ እህቱ ዞረ።

እስኪለምናት አልጠበቀችም። መተንፈሻዋን ከአፏ አውጥታ ሰጠችው፣ የራሷን ሁለተኛ ጎረሰች፣ ትከሻውን ጨምድዳ ይዛ ቀስ እያለች ይዛው ወጣች። አየር ጨራሽ ያላት እህቱ ናት በአየሯ ያወጣችው።

ዳር ላይ አባ ቀስ ጀርባውን አዞሩና የመሃሏን ቫልቭ ዳሰሷት። ሲከፍቷት ሽሽሽ... የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከሙሉው ወደ ባዶው።

«አየር ተሸክመህ ነው አየር ያጣኸው፣ ልጄ። ማን ዘጋት?»

«እኔ።»

«አንተ ቧንቧ ሠራተኛ አይደለህ እንዴ?»

ዳር ላይ ከጠላቂዎቹ ጋር ቆሞ የነበረው አየር ሞይ መጀመሪያ ገባው። «ታዲያ ያ ሁሉ ግመልነት...» ብሎ ጀመረና ሳቁ አላስጨርስ አለው። ሌሎቹም ተከተሉት። ግመሉ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለ። ግን ይኼ ገና ምኑ ተነካና!

አባ ቀስ ወደ እህቱ ዞረው፣ «አንቺ ደርሰሻል። ወንድምሽ ይቅር፣ ገና ነው። ሌላ ጥንድ ይፈልጉልኝ ብሎኝ ያገኘሁት ሰው አለ፣ ከሱ ጋር ትገቢያለሽ። መቼም ነግሮሻል» አሏት።

«የምን ሌላ ጥንድ?» አለች።

ሳቁ ቆመ። አባ ቀስ ወደ ግመሉ ዞሩ፤ እሱ ራሱ መናገር ነበረበት።

«እኔ ነኝ የጠየቅኋቸው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አየር ትጨርሳለች፣ አደጋ ናት አልኳቸው።»

ብትሰድበው፣ ብትጮህበት በወደደ። እሷ ግን ቁጭ ብላ የእግሯን መቅዘፊያ መፍታት ጀመረች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ አይደል? በመኪናው እስከ ደጇ አደረሳት። ልትወርድ ስትል፣ «መስፊያዬ ላይ ተቀምጬ ትንፋሽ መቆጠብ ስለማመድ የከረምኩት ከአንተ ጋር ለመግባት ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለችው። በሩን በቀስታ ዘጋችው። እሱ እዚያው መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ከዋሻው መቅረቱን ግን ያን ጊዜ አላስታወሰውም።

የሥልጠናው ዕለት ሳትጠራው መጣ። ምንም ሳይል ሲሊንደሮቿን ከመኪና አውርዶ እስከ ዋሻው አፍ ተሸከመላት። አዲሱ ጥንዷ ለብሶ፣ ታጥቆ አጠገቧ ቆሟል። እሷ ግን ጀርባዋን ያዞረችው ወደ ወንድሟ ነው።

«የመሃሏን እይልኝ።»

እጁን ዘረጋ። ዳሰሳት፣ እስከ መጨረሻዋ አዙሮ ሞከራት።

«ክፍት ናት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ለሽሙጥ አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። እሱ ግን የተዘጋች ቫልቭ ስንት ጊዜ ክፍት መስላው ተሸክሞ እንደወረደ ትዝ አለው። እንደገና ዳሰሳት።

«ክፍት ናት፣ እህቴ።»

ራሷን ነቀነቀችና ገባች። እሱ ያወለቀችውን ጫማ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እስክትወጣ ድረስ ከዚያ አልተነሳም።