ከጓሮው የወጣው ቱቦ

ባልደረባዬን «ጭቃዬ» እንላታለን። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ እሷም እንደ ማዕረግ ተቀብላዋለች። ሥራችን ሸለቆው ውስጥ ረጅም ቱቦ መሬት ውስጥ ሰርስረን አስገብተን፣ የታጨቀበትን አፈር እያየን ወንዙ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ነው። ጥቁሩ የረግረግ አፈር ውሃው ተኝቶ ቄጠማ ያበቀለበትን ዘመን ይነግረናል፤ ነጩ የኖራ ድንጋይ ምንጩ ጠርቶ የፈሰሰበትን። ሻካራው ጠጠር ግን ጎርፍ ነው። ጭቃዬ ሁለት ጊዜ ሳታይ ትንፍሽ አትልም። አንዳንዴ ደሜን ታፈላዋለች፤ ግን እወዳታለሁ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራችን ውስጥ ነበርን። ከታላቅ ወንድሟ ጓሮ ያወጣነው ቱቦ በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ ግን አናውቅም። ደንባችን የላይኛውን አፍ በቀይ ክዳን መድፈን ነው። ቀዩ አለቀብንና ሁለቱንም በነጭ ደፈንናቸው። «ላይ» ብላ በእስክሪብቶ የጻፈችውንም መንገድ ላይ ዝናብ አጠበው። የሁለት ጎልማሶች ሞኝነት!

በአንደኛው ጫፍ ጠጠር አለ። ጠጠሩ ከታች ከሆነ ጎርፉ የጥንት ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሸለቆው ሰላም አግኝቷል። ከላይ ከሆነ ግን ወንዙ እዚያ ጓሮ የደረሰው በቅርቡ ነው፤ ተመልሶም ይመጣል። ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈሩን ለማንሣትም ለመተውም የእኛን ቃል እየጠበቀ ነው። ወንድሟ ደግሞ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋለች እናታቸውን ይዞ እዚያው ይኖራል። በራሱ እጅ የሠራው ቤት ነው። ሌላ ቱቦ እንዳናወጣ መኪናችን በዚያ ዝናብ ሸለቆው ውስጥ አይገባም።

ወንድሟ ሳያንኳኳ ገባ፤ ጫማው ውሃ ይተፋል።

«ምን አለ ጭቃሽ?»

«ትንሽ ታገሠኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ወንዙ እየሞላ እኮ ነው! ምኑን ልታገሥ?»

ጭቃዬ አጉሊ መነጽሯን ይዛ ጥቁሩ አፈር ላይ አጎነበሰች፤ እኔ መብራቱን ያዝኩላት። የቄጠማ ሥር አገኘች። ሥር የሚቀጥነው ወደ ታች ነው፤ ቀጭኑ ጫፍ ወዴት እንዳመራ ካየን ነገሩ ተፈታ። ጫፉ ከጠጠሩ ይሸሻል። «አንዱ ያሳስታል» ብላ ሌላ ፈለገች። እሱም ከጠጠሩ ይሸሻል። ሦስተኛውን ስትፈልግ ምነው በተሳሳተች ብዬ ተመኘሁ፤ እውነቴን ነው።

«ጠጠሩ ከላይ ነው» አለች ቀና ብላ።

ወንድሟ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምልክቱ ጠፍቷል ብለሽኛል። ገልብጪውና ጻፊዋ! ማን ያያል? ያለኝ አንድ ቤት ነው።»

«ቱቦውን ልገልብጠው። ወንዙንስ ማን ይገለብጥልሃል?»

ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። ቱቦውን የሚያነሣው መስሎኝ ቀረብኩ። ጭቃዬ ግን የእሱን ጣት ይዛ ሥሩ ላይ አሳረፈችው። ወፍራም ጥፍሩ ከጠጠሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ተጓዘ፤ ሥሩ እንደ ክር ቀጥኖ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እማ ከነአልጋዋ ካልሆነ አትነሣም» አለ በመጨረሻ። «አልጋው ደግሞ በበሩ አይወጣም። የፊቱን ግድግዳ ያቆምኩት አልጋው ከገባ በኋላ ነው።»

ጭቃዬ የድንጋይ መዶሻዋን ከተሰቀለበት አወረደች።

«በል ተነሣ» አለችው። «ግድግዳውን መናድ መጀመር ካቃተህ እኔ እጀምርልሃለሁ።»