በሆዱ ያስቀመጥኩት ኤርባግ

ልጆቼ ተበታትነው ስለሚኖሩ እኔም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እላለሁ፤ ጥቂት ጉኑኖ፣ ጥቂት ሁምቦ፣ ቀሪውን ሶዶ። ያን ሰሞን ሶዶ ነበርኩ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ከሚሠራው የመጨረሻ ልጄ ዘንድ። ከጉኑኖ ስመጣ ቦይና ይዤለት ነበር፤ ጎደሬ የምትሉትን ማለቴ ነው። በዝናብ ስለተነቀለ ጭቃው ገና አልደረቀም።

በማግስቱ ጠዋት እህቱ፣ እዚያው ጎረቤት የምትኖረው ልጄ፣ መኪናዋን ግቢው ውስጥ አቆመችለት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ሁምቦ ወዳለው ሥራዋ በየቀኑ ራሷ እየነዳች ትመላለሳለች። ክላክሱ እምቢ ብሏል፤ ከመሪው ፊት ለፊት ደግሞ አንዲት ቀይ መብራት በርታ አልጠፋም ብላለች። መብራቷ ላይ የተቀመጠ ሰው ሥዕል አለ፣ ከፊቱ ኳስ የመሰለ ነገር። ነፍሰ ጡር ትመስላለች ብል ልጄ ሳቀብኝ። እህቱ ግን እሷማ እኔ ነኝ ብላ ቁልፉን ሰጥታው ሄደች።

ኳሱ ኤርባግ ነው አለኝ ልጄ። መሪው መሐል የታጠፈ ከረጢት አለ፤ መኪናው ሲጋጭ እንደ ባሩድ ተተኩሶ ይነፋና የነጂውን ደረት ይቀበላል። ከመሪው ሥር ደግሞ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፣ መሪው ሲዞር አብሮ የሚላላና የሚጠብቅ። ለክላክሱም ለከረጢቱም መስመሩ እሱ ነው፤ የተበጠሰውም እሱው። እህቱ ብትጋጭ ከረጢቱ አይሰማም ማለት ነው።

ቁጭ ብዬ ሥራውን አየሁ። ጎማውን ቀጥ አደረገ፣ ባትሪውን ነቀለ፣ ከዚያ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ምን ትጠብቃለህ ብለው፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ አለኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ጉኑኖ ዘመዶች ሲጠይቀኝ ቆየ። ከዚያ ኤርባጉን ፈታ፤ ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ደጅ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና አዲሱን ጥቅል ሽቦ ሊያመጣ ወጣ። አትንኪው ብሎኛል። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።

ችግሩ አቀማመጡ ነበር። የዕቃው ፊት ክብ ነው፣ ጀርባው ጎድጓዳ። ልጄ ክቡን ወደ ላይ አድርጎታል፤ ለእኔ ግን በአፉ የተደፋ ድስት ነው። በእናቴ ቤት ድስት በአፉ አይደፋም፤ ምግብ ያለቀበት ቤት ይመስላል ትለን ነበር። በሆዱ ነው የሚቀመጠው፣ ከደረቀ የእንሰት ቅጠል በተጠመዘዘ ቀለበት ላይ። ከጓሮ ደረቅ ቅጠል አምጥቼ ቀለበት ሠራሁለት፤ ገለበጥኩት፤ ነፋስ እንዳይጥለው ጎድጓዳው ውስጥ ሦስት ቦይና ጨመርኩበት። ቤት ያሰናዳሁ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁት።

ልጄ የግቢው በር ላይ ቆሟል። አልጮኸም።

"አዬ፣ ፊትሽን ከላዩ አንሺ። ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ሂጂ።"

አዬ በእኛ ቋንቋ እናት ነው፤ እንዲህ ባለ ድምፅ ግን ጠርቶኝ አያውቅም።

"ቦይናውን ላንሳልህ?"

"ምንም አትንኪ።"

ግቢው ጥግ እስካለው አቮካዶ ዛፍ ድረስ አፈገፈግኩ። መጀመሪያ፣ ሰውነቱ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ እንዲወጣለት፣ የበሩን ብረት በመዳፉ ነካ፤ ከዚያ ቦይናውን አንድ በአንድ አውጥቶ ዕቃውን ገለበጠው። ሲጨርስ መሬት ላይ ተቀመጠ። የዕቃው ፊት ወደ ላይ ከሆነ፣ ቢተኮስም ከረጢቱ ወደ ሰማይ ነው የሚነፋው አለኝ። ፊቱ ወደ ታች ከሆነ ግን ብረቱ ራሱ ይነሳና ከላይ ያገኘውን ይመታል። ሥራውን ያስተማረው ሰው አንድ ጆሮው የማይሰማው በዚህ ነው።

ከቦይናው የረገፈው ጭቃ ደግሞ ሽቦው የሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። በመርፌ እናውጣው አልኩ። እዚያ መርፌ አይገባም አለ። ጠርገን ብንመልሰውስ? አልኩት።

"ይሠራም አይሠራም አላውቅም። የማላውቀውን በእህቴ ሆድ ፊት አልገጥምም።"

እህቱ ስትመጣ ዕቃው ተበላሽቶ ነው ሊላት ነበር፤ ቀድሜ እኔው ነገርኳት። "ቦይናውስ ተረፈ?" ብላ ሳቀች። ሌላ ኤርባግ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ግን ሦስት ሳምንት ሚኒባስ ተጋፋች። ጠዋት ጠዋት ወገቧን ይዛ ከበር ስትወጣ እያየሁ፣ ለዚህ የዳረግኋት እኔ ነኝ እል ነበር።

አዲሱ ሲመጣ ልጄ ሁሉን ገጠመ። ባትሪውን ሊመልስ ሲል እህቱንና እኔን ከአቮካዶው ኋላ አቆመን። እሱ ከመኪናው ውጭ ሆኖ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ክንዱን ብቻ በመስኮት ሰዶ ቁልፉን አዞረ። ከዚያ ዞር ብሎ አየና፣ ቀይዋ መብራት በራች፣ ጥቂት ቆየች፣ ጠፋች አለን። እህቱ ገብታ ክላክሱን ሦስት ጊዜ ነፋችው። እኔ የማየው ክንዱን ነበር። ሸክም የሌለበት ንጹሕ ሥራ ይሠራል ስል ነበር የከረምኩት፤ ለማያውቀው ሰው ሁሉ እንዲህ ክንዱን እየሰጠ ኖሯል።

አሮጌው ዛሬም አለ። እሳት ውስጥ አይጣልም፣ ለብረት ለቃሚ አይሰጥም፤ የሚያመክነው ሰው እስኪገኝ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሶዶ በመጣሁ ቁጥር ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ ክፈትልኝ እለዋለሁ። ይከፍትልኛል። አልነካም፤ በአፉ መደፋቱን አይቼ እገባለሁ።