አተር የምታህል ታፔላ

ሷሊሕ ታፔላ ጻፊ ነው። ጎንደር ውስጥ ከአዲስ ዓለም እስከ ፒያሳ ባሉ ሱቆች፣ ሻይ ቤቶችና ጋራዦች ግንባር ላይ ሠላሳ ዓመት ሲሥል ኖሯል። ለዳቦ ቤት ዳቦውን ከነእንፋሎቱ፣ ለፀጉር ቤት መቀሱን ከነማበጠሪያው ይሥላል። ጥጉ ላይ «ሷሊሕ ሥዕል» ብሎ ካልጻፈ ሥራው ያለቀ አይመስለውም። በኮምፒውተር የሚታተም ባነር በአንድ ቀን መድረስ ሲጀምር ግን ፈላጊ አጣ። በ2007 ዓ.ም. እስከ ግንቦት ድረስ አንድም ሰው አልጠራውም። መጀመሪያ ሰሞን ይናደድ ነበር፤ ባነሩ በአንድ ክረምት ነጥቶ ሲያይም ይስቅ ነበር። አሁን አይናደድም፣ አይስቅም። የጣቶቹ ጫፍ ከቤንዚንና ከቀለም ብዛት ደንዝዟል፤ ልቡም ተከትሎ ደነዘዘ ቢባል ውሸት የለበትም።

በዚህ መሀል ሥራ መጣ። የትነበርሽ የምትባል የአምባ ጊዮርጊስ ሴት ፔንሲዮን ልትከፍት ነው። ድሮ ከተማ ገብታ ሻይ ቤት ስትጀምር የመጀመሪያ ታፔላዋን የሠራላት ሷሊሕ ነበር። የፔንሲዮኑን ድረ ገጽ የምትሠራላት ደግሞ ኮምፒውተር የተማረችውና ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው የሷሊሕ ልጅ ሙሚና ናት። በገጹ አናት ከፔንሲዮኑ ስም ጎን አንዲት ትንሽ ምልክት ትቀመጣለች። የትነበርሽ «እሷንስ አያ ሷሊሕ ይሥላት፤ እጁ ሸጋ ነው» አለች። ምረቃው ቅዳሜ ነበር፤ ምልክቷ እስከዚያ ካልታየች ባነር የሚያትመው ቤት ሌላ ያዘጋጃል።

ሷሊሕ ትንሽ ሥዕል የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ዝርግ ቆርቆሮ አምጥቶ ቅስት ያለው አረንጓዴ በር ሣለ፤ በበሩ ውስጥ የተነጠፈ አልጋ፣ ሻይ በብርጭቆ፣ ከኋላ የአገሯ የወገራ ተራራ፣ በቅሎውን የሚያስር እንግዳ። ጥጉ ላይ ስሙን ጻፈ። አምስት ቀን ፈጀበት፤ በአምስቱም ቀን ያፏጭ ነበር። ሙሚና አባቷ ሲያፏጭ ከሰማች ስንት ዘመኗ ነው።

ቆርቆሮውን በስልኳ ፎቶ አንስታ ገጹ ላይ ጫነችው። አልታየም፤ በምልክቷ ቦታ የባዶ ወረቀት ምስል ብቻ ወጣ። ፋይሉ ከብዶ ይሆናል ብላ አሳነሰችው። ያው ባዶ ወረቀት። ሐሙስ ጠዋት ፋይሉን ገጹ በማይፈልግበት ቦታ፣ ከሌሎች ፎቶዎች ጋር እንዳስቀመጠችው አወቀችና ወደ ቦታው መለሰችው። አሁንም ባዶ። ሷሊሕ ወንበር ስቦ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጦ ያያል። በመጨረሻ በጎረቤት ሱቅ ኮምፒውተር ብትከፍተው ታየ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የሙሚና ኮምፒውተርም ከነሱ ወገን ነው። አንዴ «የለም» ብሎ የያዘውን ይዞ ደግሞ አላይም ብሎ ነበር። ያከማቸውን የድሮ ገጽ ስታጠፋበት እሷም ጋ ታየ።

የታየው ግን ጭቃ ነው። በሩም፣ አልጋውም፣ በቅሎውም አተር በምታህል ቦታ ተጨፍልቀው አንዲት ቡናማ ነጥብ ሆነዋል። ሙሚና አፈረች፣ አንገቷን ደፋች። ሷሊሕ አልተቆጣም። ምን ምኑ ይቅር ብሎ ጠየቃት። በቅሎው ከነእንግዳው ይቅር አለችና ከፎቶው ላይ አጠፋችው። ተራራው፣ ሻዩ፣ አልጋው በየተራ ቀሩ። በነጭ ላይ አረንጓዴው በር ብቻውን ሲቆም ጥርት ብሎ ታየ።

«ስሜስ?» አለ ሷሊሕ።

«አባ፣ ስም አይገባበትም።»

አውራ ጣቱን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አኖረ። በሩ ከጥፍሩ ሥር ጠፋ፤ ሲያነሳው በቦታው አለ። «ሸጋ ናት» ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ የትነበርሽ ምልክቷን ስልኳ ላይ አይታ መረቀችው። ለምረቃው የመጡት እንግዶች ማን እንደሠራት አልጠየቁም፤ እሱም አልነገራቸውም። ቤቱ ሲገባ መሰላል አቆመ። ክረምቱ ቀርቧል፣ የማድ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፣ ቆርቆሮው ደግሞ ያለ ሥራ ተቀምጧል። ሙሚና መሰላሉን ይዛ፣ ሥዕሉን ወደ ታች እንዲያደርገው ለመነችው፤ እኛ እንኳ እንየው፣ ዝናብም አይብላው አለች።

«ቀለም ለዝናብ ነው» አላት። «ቆርቆሮው እንዳይዝግ።»

ሥዕሉን ወደ ሰማይ አድርጎ ሦስቱን ጥግ በሚስማር መታ። አራተኛው ጥግ ላይ ሚስማሩን አስጠግቶ መዶሻውን ካነሳ በኋላ እጁ ቆመ። ሚስማሩ ያረፈው ስሙ ላይ ነበር። ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን አሸሸውና መታው።