ለብቻዬ የተቀመጠችው ኩባያ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞርኩ እነፋለሁ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እለፍፋለሁ። ትንፋሽ ከሌለኝ እኔም የለሁም።

ያ ትንፋሽ ነው የከዳኝ። መጀመሪያ ድምፄ ሻከረ። ብርድ ነው ብዬ ናቅሁት፤ የማርቆስን ብርድ መቼም የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀስ በቀስ ግን አየር ስስብ ጉሮሮዬ ያፏጭ ጀመር። ዳገቱን ስወጣ አጥር ይዤ እቆማለሁ። ጥሩምባውን ስነፋማ ዓይኔ ይጨልማል።

የእድሩ ሊቀመንበር ይህን አየ። አንድ ቀን ከቀብር መልስ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ሳንባ ነቀርሳ ይዞታል፣ መጠጫው ይለይ አለ። እኛ ዘንድ መጠጫው የተለየበት ሰው በቁሙ የተቀበረ ነው። አንዲት የቆርቆሮ ኩባያ ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር አስረው ለብቻዬ አስቀመጡልኝ። ሊቀመንበሩ ጥሩምባዬንም ለራሱ አማች ሰጠው። እርር ድብን አልኩ።

ባሕር ዳር ሄጄ አንዲት ሐኪም በቀጭን ካሜራ ጉሮሮዬን አየችው። ሳንባህ ንጹሕ ነው አለችኝ። የድምፅ አውታሬ ላይ ኪንታሮት በቅሎ የአየሩን መንገድ ሊደፍነው ጥቂት ነበር የቀረው። ካንሰር አይደለም፣ በኩባያም አይተላለፍም። አደንዝዘው አወጡልኝ፤ ተመልሶ ሊበቅል እንደሚችል ግን አስጠነቀቀችኝ።

መዳኔን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሊቀመንበሩ ይቅርታ እንኳ አላለኝም። እኔም ኩባያዋን ከእድሩ ዕቃ ቤት ወስጄ ቤቴ አስቀመጥኳትና ጠበቅሁት።

ክረምት ላይ እናቱ ዐረፉ። አማቹ ለሥራ ደምበጫ ሄዶ ነበር። ጎህ ሲቀድ ሊቀመንበሩ ራሱ ጋቢውን አደግድጎ፣ ጥሩምባዬን ይዞ በሬ ላይ ቆመ።

«እባክህ ለእናቴ ለፍፍልኝ» አለ።

ገብቼ በዚያች ኩባያ ጠላ ቀዳሁ። ፊቱ ቆሜ ግማሹን ጠጣሁና ሰጠሁት። በአፌ አንቱ ማለቱን አልተውኩም።

«መጀመሪያ ይህችን ይጨርሱልኝ።»

ቀይ ክሩን አየው። ከዚያ እስከ አተላዋ ጨለጣት። ደስ አለኝ። እናቱ የሞቱበት ሰው ፊት ቆሜ ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ከዚያ ወጥቼ ነፋሁ። እናቱ ደግ ሴት ነበሩ፤ አንድም መንደር ሳላስቀር ለፈፍኩላቸው።

ኪንታሮቱ ተመልሶ እንዳይበቅል ዛሬም ማርያምን እለምናታለሁ። ለጤናዬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለሊቀመንበሩ ቀብር ያስቀመጥኳት አንዲት ትንፋሽ አለችኝ።