ውኃው ያልተሰማበት ጠዋት

ፍኖተ ሰላም ላይ ሥልጠና ወስጄ ስመለስ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ጥቅል ቅጽ ይዤ ነበር። ባልደረቦቼ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊትና ከነኩ በኋላ እጃቸውን መታጠብ አለመታጠባቸውን፣ እነሱ ሳያውቁ እያየሁ እንድሞላው የተሰጠኝ ነው። ካወቁ ላንቺ ሲሉ ይታጠባሉ ብሎኛል አሠልጣኙ። እስከ ቡሬ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ አላርፍ አልኩ። ቦርሳዬን ከጭኔ ወደ እግሬ ሥር፣ ከእግሬ ሥር መልሼ ወደ ጭኔ ሳደርግ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ምን ጠፍቶሽ ነው ብለው ጠየቁኝ።

የምሠራበት ጤና ጣቢያ ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠሩ ውስጥ ነው። ቁስል ማጠቢያ ክፍሉን የያዝነው ሁለት ነርሶች ነን፤ እኔና ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ሲስተር እያልኩ አንቱ የምላቸው ትልቋ ነርስ። የቧንቧ ውኃ ስለሚጠፋ የምንታጠበው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከተቀመጠው በርሜል ነበር። ከሥሩ የቆርቆሮ ባልዲ ስላለ ውኃው ሲወርድ ድምፁ ክፍሉ ድረስ ይሰማል።

ቅጹን በመዝገቡ ሥር ደብቄ መሙላት ጀመርኩ። ሲስተር ሳይታጠቡ ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው ሲያልፉ አየሁ፤ ምልክት አደረግሁ። አሁንም አለፉ፤ አሁንም ምልክት አደረግሁ። ቀትር ላይ ምሳቸውን ሲያካፍሉኝ ሁለት ጉርሻ በልቼ ተውኩት። ተነስቼ የተደረደረውን ፋሻ አፍርሼ እንደገና ደረደርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ክፍሉ በሰው ሞላ። ጡቷ መግል የቋጠረባትን አንዲት እናት አክሜ እንደጨረስኩ ተረኛው የኔታ ነበሩ። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ናቸው። የእግራቸው ቁስል አልድን ብሎ በየሁለት ቀኑ ጎረቤታቸው በጋሪ ያመጣቸዋል። ጓንቴን አውልቄ ጣልኩና ሌላ አጠለቅሁ። ልነካቸው ስል እግራቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ዛሬ ውኃው አልተናገረም።»

«ጓንት ቀይሬያለሁ፣ የኔታ።»

«የቀየርሽበት እጅስ?»

ሲስተር ቀና ብለው አዩኝና ወዲያው አጎነበሱ። ወደ በርሜሉ ሄድኩ። ሳሙናው ሁለት ጊዜ ከእጄ አመለጠ። ስመለስ የኔታ እግራቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ፤ ስለ እጄ አንድም ነገር ሳይጨምሩ ስለ ዝናቡ መዘግየት ያወሩኝ ጀመር። እኔ ግን የማስበው ስለ ቅጹ ነበር። የሁሉም ሰው ረድፍ አለበት፤ የእኔ የለበትም።

ከሰዓት በኋላ በሽተኛው ሲያልቅ መታገሥ አቃተኝ። ቅጹን አውጥቼ ለሲስተር ሰጠኋቸውና ስሰልልዎት ነው የሰነበትኩት አልኳቸው። ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። የጣታቸው መገጣጠሚያ ሁሉ ተሰንጥቋል፤ አንዳንዱ ደም ቋጥሯል። በርሜሉ ውስጥ የምንጨምረው በረኪና ነው እንዲህ ያደረጋቸው። አብሬያቸው እየበላሁ አላየሁትም ነበር።

«ታጠቢ እያልኩ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አሉኝ። «አሁን ውኃው አቃጠለኝ ብዬ ላንቺ መናገር አፈርኩ። አንቺስ እጄን ከምትቆጥሪ ምነው ብትጠይቂኝ?»



በማግሥቱ ለኃላፊው ነግረን በርሜሉን ሁለታችን እየጎተትን ወደ ክፍላችን አስገባንና በሁለቱ የማከሚያ አልጋዎች መሀል አቆምነው። በረኪናው ቀርቶ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ብቻ መታጠብ ጀመርን። ሲስተር ሥራ ሲጨርሱ ቫዝሊን ይቀባሉ። ቅጹን የራሴን ረድፍ ጨምሬ፣ ባልደረቦቼም ማወቃቸውን ጽፌ ላክሁት። አሠልጣኙ ደውሎ መረጃው ተበላሸ አለኝ። አዎ፣ ተበላሽቷል አልኩት።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። በበጋው ውኃ ሲጠፋ የጽዳት ሠራተኛዋ በጋሪ ከምንጭ ታስመጣለች፤ አንዳንድ ቀን እሱም ሳይመሽ ያልቃል። ያን ጊዜ ቁስሉ ሳይታጠብ ሊያድር የሚችለውን በሽተኛ ለነገ እንቀጥራለን፤ ከሩቅ የመጣው ይቆጣናል፤ እውነቱንም ነው። እኔም ስቸኩል የምረሳበት ቀን አለ፤ ሲስተር ያስታውሱኛል፤ እኔም አስታውሳቸዋለሁ። የየኔታ ቁስል ቀስ እያለ ደረቀ። ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሄዱ ሲሉ ሰማሁ።

በቀደም ካርድ ክፍል ገብቼ የአንድ ገበሬ ካርድ ፈለግሁ። አምና ማጭድ የቆረጠውን ክንዱን አክሜ ሸኝቼው፣ በሳምንቱ አመርቅዞበት ሲመለስ ወደ ሆስፒታል የላክነው ሰው ነው። ቀኑ አለ፤ መድኃኒቱ አለ፤ ፊርማዬም አለ። ያን ቀን ልታጠብ አልታጠብ የሚናገር ነገር የለበትም። ካርዱን ቦታው መልሼ ወጣሁ። ትናንት ደግሞ ገብቼ አወጣሁት።